በአያቱ ተዝካር የተጠራው ሕፃን

ሰብለ ላቀው ንፋስ መውጫ ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ ቄሰ ገበዝ ላቀው ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ተምረው የመጡ፣ ድምፃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልፎ ገበያው ድረስ የሚሰማ ሰው ነበሩ። እሷ ባሕር ዳር ሄዳ ኮምፒውተር ተማረች። እዚያው ትቀራለች ሲባል ተመልሳ መጣችና ከተማው ውስጥ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ አስተማሪ ሆነች። ያኔ እንደ ዛሬ ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ አልያዘም። "ልጅዎ ምኑን ነው የተማረችው?" ሲሏቸው ቄሰ ገበዙ፣ "እኔ እንጃ፤ እንደ ዜማ ያለ ነገር ነው። አንዲት ምልክት ከሳተች ሁሉም ይበላሻል ትለኛለች" ይሉ ነበር።

ከዚያ ዐይናቸው ደከመ። ክርስትና የተነሡትን ሕፃናትም ሆነ ያረፉትን ምእመናን ስም ለዓመታት የያዙት እሳቸው ነበሩ። ደቃቁ ጽሕፈት ጉም ሆነባቸው። ሰብለ ይህን አይታ ዝም አላለችም። ትምህርት ቤቱ ጥግ ላይ የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አስፈቅዳ፣ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ስሞቹን የሚይዝ ፕሮግራም ጻፈችላቸው። አሠራሩ ሃሽ ቴብል የሚባለው ነው። አባቷ ገብቷቸው እንዲባርኩት ፈለገችና አጠገባቸው ተቀምጣ አስረዳቻቸው።

"አባባ፣ መሳቢያው የበዛ ቁም ሣጥን ያስቡ። የትኛው መሳቢያ እንደሚገባ ስሙ ራሱ ይናገራል። ሁለት ስም አንድ መሳቢያ ከደረሰው አንዱን ከሌላው ኋላ አስከትለዋለሁ።"

"ይህ ሁሉ ወለተ ማርያም አንድ መሳቢያ ውስጥ ሊታጨቅ?"

"የአባት ስም ስለምጨምርበት ይበታተናሉ።"

"ደግ። እንደ ሰንበቴ ቀን አይጋፉም በዪኛ።" ሳቁና ደግሞ ፊታቸው ጠና አለ። "ነገር ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ሲሞት ስሙን ሌላ ቦታ እንደ ገና አትጻፊው። የክርስትና ስም አንድ ነው። በሕይወትም ያው፣ በሞትም ያው።"

እሺ አለች። የአባቷን ቃል ጠበቀች። እያንዳንዱ ስም አንድ ቦታ ብቻ ተቀመጠ። በተዝካሩ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም፤ ወደዚያ ቦታ የሚያመለክት ጠቋሚ ብቻ ነው ያለው። ተዝካር ሲደርስ ማሽኑ ስሙን በትልልቅ ፊደል ያትማል፣ ቄሰ ገበዙ ያነቡታል። ክረምትና በጋ እንዲህ አለፈ።

በተከታዩ ዓመት በጾሙ መግቢያ አቶ ጥጋቡ የሚባሉ ሰው አረፉ። ከስማዳ ወገዳ ዘግይተው የመጡ ሰው ስለ ነበሩ የክርስትና ስማቸውን በቃሉ የሚያውቅ ካህን አልነበረም። ስማቸው ወልደ ሚካኤል ነበር። ልጃቸው ውብነሽ አራስ ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች፤ ይህ ሦስተኛው ነው። አባቷ በተቀበሩ በሳምንቱ ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ፤ ገብረ መድኅን ተባለ።

የአቶ ጥጋቡ አርባ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ቆሟል፤ ውብነሽ ልጇን አዝላ ከሴቶቹ መሐል ናት። ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ዐይናቸው ሥር አስጠግተው፣ በዚያ በሚያስተጋባ ድምፃቸው ለሟቹ ነፍስ ሲጸልዩ፣ "ነፍሰ ገብርከ ገብረ መድኅን" አሉ።

ውብነሽ ነጠላዋን በልጁ ላይ ሰብስባ፣ ሕዝቡን ከፍላ ወጣች። ሴቶቹ ተከትለዋት ሲደርሱ ቅጥሩ ውጭ ቆማ፣ "አባቴ ጠራው። ብቻውን መሄድ አልፈለገም፣ ልጄን ጠራው" ትላለች። "ኧረ ተይ፣ ስሕተት ነው" ቢሏት፣ "እነዚያን ሁለቱን ስንቀብርም ተይ ብላችሁኝ ነበር" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሯን ዘጋች። ልጁን ለማንም አትሰጥም። የክርስትና ስሙን ከአፏ አታወጣም፤ ከጠራሁት አባቴ ይሰማል ትላለች። ወተቷ ማነስ ጀመረ።

ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ለልጃቸው መለሱላት። "ያነበብኩት የተጻፈውን ነው፤ ግን ከአፌ ወጥቷል" አሉ። ሰብለ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ አጻጻፉን አየች። ወልደ ሚካኤል ብላ በደንብ አስገብታዋለች። ከዚያ ፕሮግራሙን ፈተነችው። የውሸት ስም ከተተች፣ ሞተ አለችው፣ የተዝካሩን አትም አለችው፤ ትክክለኛውን አተመ። ደገመችው፤ አሁንም ትክክል። አብሯት የሚያስተምረው ተስፋሁን ብቅ አለ።

"እንዴት ዋልሽ፣ ሟርተኛዋ?"

"ተስፋሁን፣ እባክህ ዛሬ ተወኝ።"

"ከተማው የሚለውን ነው የነገርኩሽ። ማሽኑ መልአከ ሞት ሆኗል ይላሉ።"

"ስፈትነው አይሳሳትም። እኔ ሳላየው ነው የሚሳሳተው።"

እሱ ቀልዱን ተወና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ያን ሳምንት የሆነውን በየተራው አድርጊዋ" አላት።

አደረገችው። አንድ ስም አስገባች። ሞተ አለችው። አንድ ሕፃን ክርስትና አስነሣች። ከዚያ የሟቹን ተዝካር ጠየቀች። ማሽኑ የሕፃኑን ስም አተመ።

ተስፋሁን ስሕተት መፈለጊያ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መጥቶ ነበር። እሱን ሲያሄዱት ቁርጡን ነገራቸው፤ ከተለቀቀ ቦታ ላይ ታነቢያለሽ፣ ቦታውንም የለቀቅሽው በዚህ መሥመር ነው። ሰብለ መሥመሩን አወቀችው። የዩኒቨርሲቲ መምህሯ በየቀኑ ከሰሌዳው ላይ ያስነብቧት የነበረ ሕግ ነው። ከማሽኑ የወሰድሽውን ቦታ ስትጨርሺ ልቀቂ። እሷም ሰው በሞተ ቁጥር ከሕያዋን አውጥታ ቦታውን ትለቅቅ ነበር። ጠቋሚው ግን እዚያው ቀርቷል። ሌላ ሰው እስኪገባበት ድረስ የሟቹ ስም በባዶው ቦታ ላይ ስለሚቆይ፣ ንባቡ ትክክል ይመስላል። አቶ ጥጋቡ የለቀቁት ቦታ ውስጥ የገባው የልጅ ልጃቸው ነበር።

"ሰው ሲሞት ጨረስኩት ብዬ ነው የጻፍኩት" አለች ሰብለ። "የቄስ ልጅ ሆኜ። አርባ እያለ፣ ሰማንያ እያለ፣ ሙት ዓመት እያለ።"

መሥመሩን አጠፋችው። ያረፈ ሰው ከቦታው እንዳይነሣ፣ አርፏል የሚል ምልክት ብቻ እንዲደረግበት አድርጋ ጻፈችው።

"ቦታው እኮ ሲውል ሲያድር ይሞላል" አላት ተስፋሁን።

"ይሙላ።"

ከዚያ ተነሥታ ውብነሽ ቤት ሄደች። ውብነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች እንጂ ግቢ አላለቻትም። ሰብለ እዚያው ደጃፉ ላይ ነገረቻት። አንድ ቤት ባለቤቱ ወጥቶ ለሌላ ቢሰጥ፣ የድሮውን ሰው ፈልጎ የሚመጣ እንግዳ የሚያገኘው አዲሱን ነው። አባትሽ አልጠሩትም። የአባትሽን ቤት ለልጅሽ የሰጠሁ፣ እንግዳውንም ወደዚያው የላክሁ እኔ ነኝ።

ውብነሽ አስተውላ ሰማቻት።

"አሁን ስሕተት የለበትም?"

ሰብለ የለበትም ማለት አማራት። "ይህኛው የለበትም። ሌላ አይኖርበትም ብዬ ግን አልምልልሽም።"

"እንግዲያው ከልጄ ጎን የራስሽን ስም አስቀምጪ። ማሽኑ ከሳተም ከልጄ ጋር አብረሽ ተጠሪ።"

"ቦታውን የሚመርጠው ስሙ እንጂ እኔ አይደለሁም። የኔ መሳቢያ ሌላ ነው።"

"ማሽኑን የሠራሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? አስገድጂዋ!"

ተያይዘው ትምህርት ቤት ሄዱ። ውብነሽ ልጇን እንዳዘለች ከጀርባዋ ቆመች። ሰብለ ሕጉን ጥሳ፣ ወለተ ኪዳን የሚለውን የክርስትና ስሟን ከራሱ መሳቢያ አውጥታ ከሕፃኑ ኋላ አስከተለችው፤ መሳቢያውንም ከፍታ አሳየቻት። ውብነሽ መሠረተ ትምህርት ተምራለች። ጣቷን የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ አድርጋ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመች። "ገ... ብረ... መ... ድኅን" አለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ተንቀሳቀሰ። እሷ ግን ጣቷን ሳታነሣ ወደ ቀጣዩ ስም አለፈች፤ እሱንም እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ አንቀልባዋን ፈታችና፣ "ያዥልኝ፤ ትከሻዬ ደክሟል" ብላ ልጁን ለሰብለ ሰጠቻት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ቄሰ ገበዙ አንድ ቀን የቤተሰባቸውን ስም እየጠሩ ልጃቸውን በማሽኑ ያስፈልጓት ነበር። የእናቷ ተገኘ፣ የወንድሞቿ ተገኘ። ወለተ ኪዳን ሲሉ ማሽኑ በመሳቢያዋ ፈልጎ የለችም አለ።

"ምነው? የት ሄደሽ ነው?"

"አለሁ፣ አባባ። የውብነሽ ልጅ ዘንድ ነኝ።"

ቄሰ ገበዙም፣ "እዚያው ሁኚ" አሉ።