ቅሉን የመታሁ ዕለት

ይህ የሆነው ወሎ በረሀብ በተመታበት ጊዜ፣ የንጉሡ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሰኔ መግቢያ ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህችን ግን አልረሳኋትም። አንደኛ፣ ባለቤቴ ዘነበች እንድረሳት አትፈቅድልኝም። ሁለተኛ፣ በዕድሜዬ ዒላማዬን አነጣጥሬ መትቼ ያፈርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ገበሬ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ለብቻዬ ነው፤ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ በባሩድና በእርሳስ መሙላትም የተማርኩት ለብቻዬ ነው።

ከአባቴ የወረስኩት ውጅግራ ነበረኝ። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ ጎርሶ የሚተኩስ የድሮ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። አባቴ ሲሞት ከጠመንጃው ጋር አሥራ አንድ ባዶ ቀለህ ተወልኝ። ባዶ ቀለህ ለሌላ ሰው የልጅ መጫወቻ ነው። እኔ ግን ሰው የሠራውን እኔም ሰው ነኝና እሠራዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ባሩዱን ወረኢሉ ካለ አንድ ሽማግሌ አመጣለሁ፤ እርሳሱን ራሴ አቅልጬ በቅርጽ አፈሳለሁ። የመጀመሪያዋ ጥይት ቅንድቤን ላጨችው። ሁለተኛዋ ጭራሽ አልጮኸችም። ሦስተኛዋ ሄደች።

ከጓሮዬ በስተጀርባ ጋራው ተቆርጦ እንደ ግድግዳ የቆመ አፈር አለ። እሱን ተማምኜ የበግ ብራኳ አጥንት ጉቶ ላይ አቆምና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ሁለት ጥይት እተኩሳለሁ። ከዚያ እርሳሱን ከአፈሩ ቆፍሬ አወጣና እንደገና አቀልጠዋለሁ። ምንም አይባክንም። ዘነበች ይህን ስታይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትል ነበር።

«የእርስዎ እርሳስ ሄዶ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለ እህል ቢኖረን ጠግበን በኖርን።»

አንድ ጥብቅ ሕግም ነበረኝ። ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ ካረፈ በኋላ በግቢው ውስጥ ማንም አይናገርም። የተናገረ ሰው ከጓሮው ይወጣል። በዚህ ዘመድ ባዳ አልለይም ነበር።

ረሀቡ ሲገባ ከቆላው የተሰደደ ሰው በደጃችን ያልፍ ጀመር። ጎተራዬን ከፍቼ ሰጠሁ። መስጠቴ ደግ ነበር። ችግሩ እየሰጠሁ መስበኬ ነው። ጎረቤት በተሰበሰበበት ሁሉ «በእኔ ቤት የተደበቀ አንድ ፍሬ እህል አይገኝም» እል ነበር። ዘነበች ይህን ስናገር ቀና ብላ አይታኝ ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ ደመናው ሲከብድ ስለ ዘር ጠየቅኳት።

«ጎተራውን ይዩት» አለችኝ።

አየሁት። ተጠርጎ የታጠበ ይመስላል።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ ይማም አንድ ቁና የዘር ገብስ እንዳበድረው መጣ። ይማም እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ የእሱ አንድ በሬና የእኔ አንድ በሬ ተቀናጅተው ነው የሁለታችንንም መሬት የሚያርሱት። እንዲህ ያለ ሰው ባዶ እጁን መመለስ ከበደኝና እንዲያምነኝ ማልኩለት። «በማርያም፣ በግቢዬ ውስጥ አንድ ፍሬ የለም» አልኩት።

«አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ብሎኝ ሄደ።

መሬቱ በሰኔ ካልተዘራ ቤቱን ዘግቶ ከተሰደደው ሰው ጋር መሰለፍ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ የአባቴን ጠመንጃ በዘር ልለውጥ ቆረጥኩ። ለዘነበች አልነገርኳትም። ለይማም ብቻ ነገርኩት፤ እሱም ከከላላ አንድ ሽማግሌ አገኘልኝ።

ሽማግሌው ሁለት አቁማዳ የዘር ገብስ በበቅሎ ጭነው ከይማም ጋር መጡ። ሆነ ብዬ ዘነበች እንጨት ለቀማ የወጣችበትን ሰዓት መርጬ ነበር። እቤት የነበሩት አማቴ እማማ ጥሩ ብቻ ናቸው፤ በጓሮ በኩል ካለው በር ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ይፈትላሉ።

ሽማግሌው ጠመንጃውን አገላብጠው አዩ። አፈሙዙን በዓይናቸው ለኩ። ወደዱት።

«ጥይቷንስ ማን ሠራት?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

ወደ ይማም ዞሩ። «ይኼ ሰውዬ ሊያስፈጀኝ ነው እንዴ?»

«አብሽሩ አባቴ» አላቸው ይማም። «ቢከፋ ቢከፋ ቅንድብ ነው የምትወስድ። የእርስዎ ደግሞ ወትሮም ሳስቷል።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ግን ሞኝ አልነበሩም። ተኩሼ እንዳሳያቸው ጠየቁ። እኔም እንደ ልማዴ አጥንቱን ጉቶው ላይ ላቆም ስል በዱላቸው ከለከሉኝ።

«ይህን አጥንትማ ለምዳዋለች። እኔ ያልኩህን ምታ።» ዱላቸውን ወደ አሮጌው የፍየል ቤት ቀሰሩ። የፍየል ቤቱ ከአፈሩ ግድግዳ ሥር ነው፤ ፍየሎቹ ካለቁ ወዲህ ባዶውን ቆሟል። ከክዳኑ ሥር ባለቤቴ ሰባት ቅል አንጠልጥላለች። ቅል የሴት ዕቃ ነው ብዬ ቀርቤ አይቼውም አላውቅም። «ያቺን ከዳር ያለችውን» አሉ።

እማማ ጥሩ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ አጥንቱን ምታላቸው።»

«ቅል ምን አላት እማማ? ሌላ እንተክላለን።»

«ቅሉ የልጄ ነው። ትቆጣለች።»

«ትቆጣ» አልኩ። እንግዳ ፊት ሚስቱን የሚፈራ ሰው መባል አልፈለግሁም።

አማቴ እንግዳውን አዩ። በቅሎዋን አዩ። እኔን አዩ። አሁን ሳስበው፣ በረሀብ ዘመን በማያውቁት ሰው ፊት ምን ብለው ይናገሩ? ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩ። እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ በጎን ታየኝና እጄን ብድግ አደረግሁ። ሕጌን ያውቃሉ። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ተኮስኩ።

ጭሱ ሲገለጥ ቅሏ ከወገቧ ተፈንክታለች። ከውስጧ ገብስ ይዘረገፋል። ነጭ፣ አንድ በአንድ የተለቀመ የዘር ገብስ። ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ ከእርሳሱ ጋር ሄዶ የአፈሩ ግድግዳ ላይ ተበትኗል።

ማንም አልተናገረም። ሕጌ ገና እየሠራ ነበር።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው በቅሎዋ ናት። ገመዷን መንጭቃ ቀጥታ ወደ ገብሱ ሄደች። ያን ጊዜ እማማ ጥሩ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«በቅሎዋን ያዙ እንጂ፣ ምን ያስገትራችኋል!»

ሽማግሌው ሮጠው ያዟት። ይማም ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። እኔን ነው የሚያየኝ።

«ጌታሁን» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «በማርያም ብለኸኝ ነበር።»

«አላወቅሁም፣ ይማም።»

«ግቢህ ውስጥ?»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ በቅሎዋ አዞረ። የዕድሜዬን ሁሉ ስብከት፣ የጎተራውን መከፈት፣ የማልኩትን መሐላ አስቤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው በበኩላቸው ልጓሙን ጨብጠው «እኔ ገብስ ጭኜ ገብስ ወዳለው ቤት ነው ለካ የመጣሁት» እያሉ ያጉረመርማሉ።

በዚህ መሐል ዘነበች የተኩሱን ድምፅ ሰምታ እንጨቷን እንደ ተሸከመች ገባች። ጭነቱን ጣለች። መሬቱን አየች፣ ጠመንጃውን አየች፣ እንግዳውን አየች።

«የትኛዋን ነው?» አለች።

«ከዳር ያለችውን» አሉ እማማ ጥሩ።

«ተመስገን። የባቄላዋን መስሎኝ ክው ብዬ።»

ከሰባቱ ቅሎች አራቱ ሙሉ ኖረዋል። አፋቸውን በእበትና በጭቃ መርጋ ለአይጥ እንዳይመች አንጠልጥላቸው ከርማለች።

«ዘር የለም ብለሽኝ አልነበረም?» አልኳት። ድምፄን ከፍ ለማድረግ ሞክሬ ነበር፤ አልወጣልኝም።

«ጎተራውን ይዩት አልኩ እንጂ የለም መቼ አልኩ? ያዩትም እርስዎ፣ የማሉትም እርስዎ።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርዎ ይሰጡታል፤ ሰጥተው ደግሞ ይሰብኩበታል። ለመንገደኛው ከአፌ እየቀነስኩ ሰጥቻለሁ፣ እማዬ ታውቃለች። ይኼ ግን የከርሞ ነው፤ ዘር የሚበላ ሰው ከርሞን አያይም። እርስዎስ ጠመንጃውን ሊሸጡ ለእኔ ነግረውኛል?»

ምን እላለሁ? ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ በእርግጥም እሰጠው ነበር። ይህን ዛሬም ስጽፍ አልዋሽም።

ከዚያ ወደ ይማም ዞረች። «ወንድሜ ይማም፣ እሳቸው በሐሰት አልማሉም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አፉ በለኝ። ከባቄላዋ ቀጥላ ያለችው ቅል የአንተ ናት፤ ዝናቡ እስኪረግጥ ብዬ ነው ያቆየኋት። በሬህ የእኛን አርሶ የአንተ መሬት ጦም ሊያድር ኖሯል?»

የይማም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ሲስቅ ነው።

«አፉ ብያለሁ» አለ። «ግን ጌታሁን፣ ያቺን የእኔን እንዳትተኩሳት፣ በእጅህ አውርዳት።»

አምስታችንም ተንበርክከን ገብሱን ፍሬ በፍሬ ለቀምን። ሽማግሌውም ሳይቀሩ ዱላቸውን አስቀምጠው ለቀሙ። ጠጠር የበዛበትን ዘነበች ቆልታ ለእንግዳ አቀረበች። ሽማግሌው አንዴ ገብስ አንዴ ጠጠር እያኘኩ ሲጨዋወቱ እውነቱን አወጡት። እቤታቸው የራሳቸው ውጅግራ አለች፤ ጥይት ካጣች ዓመታት ሆኗታል። የመጡት ጠመንጃ አጥተው ሳይሆን የሚተኮስ ጥይት ያለው ጠመንጃ ፈልገው ነው።

«እንግዲያ ቀለሆችዎን ያምጡልኝ» አልኳቸው።

ጠመንጃዬን ሳይወስዱ፣ አንዱን አቁማዳ ገብስ በጥይት ሥራዬ ዋጋ እኛው ዘንድ ትተው ሄዱ። በሳምንቱ ሃያ ባዶ ቀለህ ላኩልኝ። ሞልቼ መለስኩላቸው። ሦስቱ እንደከሸፉባቸው ሰማሁና ከላላ ድረስ ወርጄ ሦስቱንም ደግሜ ሠራሁላቸው። ለገብሱ እንዳላፍር ብዬ ነው። ገብሱን ከይማም ጋር እኩል ተካፈልነው። ጥይት መሙላት ጭስ እንጂ እንጀራ አይሆንም ትል የነበረችው ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል አልደገመችውም።

ዘራን። ክረምቱም ደህና ገባ። ታዲያ አንድ ጠዋት እርሳሴን ለማውጣት ዶማ ይዤ ወደ ጓሮ ብወጣ፣ የአፈሩ ግድግዳ ጥይቷ በገባችበት ዙሪያ አረንጓዴ ለብሷል። ከቅሏ ጋር የተበተነው ገብስ በቅሏል። ዶማውን ሳነሣ ዘነበች ከኋላዬ ቆማለች።

«ይሞክሯትና» አለችኝ።

ዶማውን መለስኩ። ያን ክረምት ሙሉ ጓሮዬ ውስጥ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፤ ያ ገብስ በጓሮዬ ግድግዳ ላይ እያሸተ ነበር። ሲደርስ ዘነበች በማጭድ አጨደችው፤ ሁለት እፍኝ ወጣው። ያን ጊዜ ነው እርሳሴን ቆፍሬ ያወጣሁት። በንጉሡ ጊዜ ተኩሼ በደርግ ጊዜ አወጣሁት ማለት ነው። እርሳሱ ተጨፍልቆ የገብስ ሥር ተጠምጥሞበት ነበር። እሱን አላቀለጥኩትም።

ጠመንጃው በኋላ መሣሪያ ሲሰበሰብ ከሌላው ሰው ጠመንጃ ጋር ሄደ። ያኔ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን አይከፋኝም። እርሳሱ ከእኔ ጋር አለ። ይማምም አለ፤ በየሰኔው የመጀመሪያዋን ጥምድ አብረን እናወጣለን።

አንድ ነገር ግን አልቀረልኝም። ዛሬም ማታ ማታ ልጆቼን ሰብስቤ ሰው በቤቱ ምንም መደበቅ የለበትም፣ ሰው የማያውቀውን አይማል እያልኩ መምከር ስጀምር፣ ዘነበች ከጓዳ ሆና ትጠይቀኛለች።

«ዛሬ ደግሞ የትኛዋን ቅል ነው?»

ምክሩን አሳጥረዋለሁ።