በእንሰቱ ውስጥ የተገኘው ሲጋራ

ቅዳሜ ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዲላ ከተማ በተከራየሁበት ግቢ፣ እኔ ባጠፋሁት ጥፋት ሌላ ሰው ተጠረጠረ። ዛሬ ዕድሜዬ ከአርባ አምስት አልፏል። ከዚያ ዓመት ብዙውን ረስቻለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ዝም ያልሁባቸውን ሰዓቶች አንድ በአንድ አስታውሳለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። በጊዜው ደንብ መሠረት የአንድ ዓመት አገልግሎቴን በአስተማሪነት እንድፈጽም ከሦስት ወንዶች ተማሪዎች ጋር ዲላ ተመደብሁ። አራታችንም በአንድ ግቢ ተከራየን፤ እነርሱ በመንገዱ በኩል፣ እኔ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል። ባለቤቶቹ የቡና ገበሬው አቶ ጅግሶና ሚስታቸው ወይዘሮ አስቴር ነበሩ። አቶ ጅግሶ በጴንጤው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ያገለግላሉ።

በእኛ ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ሲጋራ የማያጨስ ወንድ ተማሪ በስንት ፍለጋ የሚገኝ ነበር። ስለ መሬትና ስለ ገባር ስንከራከር ፓኮው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አልፈልግም ያለውን «ይኼ ገና ከእናቱ ቤት አልወጣም» ይሉታል። ሴቶች ጥቂቶች ነበርን። የምናጨሰውም በራችንን ዘግተን ነበር። እኔ የጀመርሁት በሁለተኛ ዓመት፣ በፈተና ሰሞን ነው።

ወንዶቹ ዲላም እየዞሩ በግልጽ ያጨሱ ነበር። አቶ ጅግሶ አንድ ቀን «ልጆቼ፣ ይህ ነገር ቢቀርባችሁ» አሏቸው፤ ከዚያ ወዲያ ደግመው አልተናገሩም። እኔ ግን ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን የሚያስረክቡኝ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ሲመሻሽ ወደ ጓሮ ወጥቼ አጨስና፣ ቁራጩን የእንሰቱ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገጥምበት፣ ኪስ በመሰለው ቦታ እወሽቀዋለሁ። እንሰት ለእኔ ለአዲስ አበባ ልጅ እንደ ግራር ቆሞ የሚኖር ዛፍ ነበር። ተቆርጦ፣ ንብርብሩ አንድ በአንድ ተልጦ እንደሚፋቅ አላሰብሁም።

በዚያ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ወይዘሮ አስቴርን እንሰት በመፋቅ ሊያግዙ መጡ። እኔ በክፍሌ ደጃፍ ተቀምጬ ደብተር አርም ነበር። ሳቅና ጨዋታው በድንገት ተቋረጠ። ቀና ስል አንዲት ጎረቤት ውኃ የጠጡ የሲጋራ ቁራጮችን በመዳፏ ይዛለች።

«አስቴር! ጌታን የተቀበለው ጅግሶ ነው ወይስ ጋያው?» አለች።

ጋያ በውኃ የሚሳብ የትምባሆ ማጨሻ ነው። አቶ ጅግሶ ከማመናቸው በፊት በጋያቸው የታወቁ ነበሩ፤ ባመኑ ዕለትም በምእመናን ፊት ሰባብረውታል።

«የተማሪዎቹ ይሆናል» አሉ ወይዘሮ አስቴር፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«እነሱ ደግሞ ምን ሊሆኑ ይደብቃሉ? ገበያ መሃል እያቦነኑ አይደል የሚሄዱት! የሚደብቅማ የሚያፍር ሰው ነው።»

ሴትዮዋ ያለችው ትክክል ነበር። ነገር ግን ወደ እኔ የዞረ አንድ ዓይን አልነበረም። ደብተር ማረሜን ቀጠልሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መጡ። ነገሩ እስኪጣራ አቶ ጅግሶ ከሽማግሌነታቸው እንዲወርዱና ከጌታ እራት እንዲታገዱ፣ ይህም በማግስቱ ለምእመናን እንዲነገር ማሰባቸውን ገለጹላቸው።

«እኔ አላጨስሁም» አሉ አቶ ጅግሶ።

«ታዲያ ማን ነው?»

«አላየሁም። ያላየሁትን ሰው ስም አልጠራም።»

ለግርማ፣ ከሦስቱ ተማሪዎች ለአንዱ፣ እውነቱን ነገርሁት። ሳቀ። «እኔ ነኝ እላቸዋለሁ፤ በእኔ ላይ አምስት ሲጋራ ቢጨመር ማን ይቆጥራል?» አለ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን በግልጽ የሚያጨሰው እርሱ ደበቀ ቢባል ማን ያምናል? ማታ ደግሞ ወይዘሮ አስቴር የባላቸውን ራት አቅርበው፣ አብረው ሳይቀመጡ ሲወጡ አየሁ። እንደዚያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም።

ሲጋራ ከተውሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ያ ቅዳሜ ግን አሁንም ያሳፍረኛል። ማንም እንደማይጠረጥረኝ አውቄ፣ አንድ ሙሉ ቀን ተጠቅሜበታለሁ።

እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ አቶ ጅግሶን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘው ሊሄዱ ሲመጡ ወደ ሳሎኑ ገባሁ።

«የተገኘው ሲጋራ የእኔ ነው» አልሁ።

በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ በርኅራኄ ተመለከቱኝ። «ልጄ፣ ለሰው ብለሽ በራስሽ አትዋሺ። አንቺ ሴት ልጅ፣ አስተማሪ...» አሉኝ።

«በአጥሩ ጥግ ባለው፣ ገና ባልተቆረጠው እንሰትም ሁለት አሉ።»

ወይዘሮ አስቴር ወደ ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ መዳፋቸውን ለሽማግሌዎቹ ዘረጉ፤ ሁለት ነበሩ። ከዚያ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ባላቸውን አዩ። አቶ ጅግሶ አንገታቸውን ደፍተው «ይሁን፣ ይሁን» አሏቸው።

ሽማግሌዎቹ አቶ ጅግሶ በሽማግሌነታቸው እንዲቀጥሉና ነገሩ ለምእመናን እንዳይነገር ወሰኑ። ስለ እኔ ግን አንደኛው «ከቤታችሁ ትውጣ?» ብለው ጠየቁ።

«እንሰቱ የአስቴር ነው፤ በአገራችን ስለ እንሰት ወንድ አይፈርድም። እሷ ትናገር» አሉ አቶ ጅግሶ።

ወይዘሮ አስቴር እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አትወጪም። ግን የጓሮውን ክፍል ለቀሽ ከእኔ መኝታ ጎን ትገቢያለሽ። ሲጋራ ባማረሽ ቁጥርም ትጠሪኛለሽ፤ ሥራዬን አቁሜ ፊት ለፊትሽ እቀመጣለሁ፤ አንቺም እያየሁሽ ታጨሻለሽ።»

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አልጋዬን እኔና ወይዘሮ አስቴር ተሸክመን አስገባነው።