ቆሜ የተመረመርኩበት ቀን

የታሰርነው ገንዳ ውሃ ከተማ ዳር ባለ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሰሊጡ ወጥቶ ሰው ገብቶበታል። ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያስተዋልኩት መስኮት እንደሌለው ነው፤ ብርሃን የሚገባው ምስማር ቆርቆሮውን በበሳበት ቀዳዳ ብቻ ነበር። ዘጠኝ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወለሉ ላይ የቀረው ፍሬ ላብ በነካው እግራችን ላይ ይጣበቅ ነበር። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። የተያዝኩት ወንድሜ የት እንዳለ ስለጠየቁኝና ስለማላውቅ ነው። የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ።

ከዚያ በፊት ሌላ ጽንስ ነበረኝ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ታጣቂዎች ቤታችንን ሲፈትሹ አንዱ በሰደፍ ገፋኝና ደጃፉ ድንጋይ ላይ ወደቅሁ። በሦስተኛው ቀን ጽንሱ ወረደ። እነዚያ ሌሎች ነበሩ፣ አሁን ያሰሩኝ ደግሞ ሌሎች። ለእኔ ልዩነታቸው ልብሳቸው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሳረግዝ አልተደሰትኩም። ለባሌ እንኳ ሦስት ወር ሙሉ ሳልነግረው ቆየሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር እጄ ወደ ሆዴ ይሄዳል። ካልተንቀሳቀሰ ሞቷል እላለሁ። ከተንቀሳቀሰም ነገ ይሞታል እላለሁ። የመጋዘኑ በር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የሚውለው።

አንድ ቀን ጽንሱ ከጠዋት ጀምሮ ዝም አለ። አጠገቤ የሚተኙ ሴትዮ ነበሩ፤ አብርሃ ጅራ ከተማ ለቀን ሠራተኞች ምግብ ያበስሉ የነበሩ፣ ስድስት የወለዱ።

"እትዬ፣ አይንቀሳቀስም" አልኳቸው።

እጃቸውን ሆዴ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። "ውሃ ጠጪና በግራሽ ተኚ፣ ልጄ" አሉኝ። የራሳቸውን ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁ፤ ተኛሁ። ምንም የለም። ያን ጊዜ ተነሥተው በሩን በጫማቸው ይደበድቡት ጀመር። እስኪከፈት ድረስ አላቆሙም።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ጠባቂ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። አዋላጇ አልጋውን አሳየችኝና ወደ እሱ ዞረች።

"አንተ ውጭ ጠብቅ።"

"ከዓይንህ እንዳትጠፋ ተብያለሁ።"

"እርጉዝ ሴት የት ትሮጣለች?"

"ትእዛዝ ነው።"

መቃኑን ተደግፎ ቆመ። እኔ የሚታየኝ የጠመንጃው ሰደፍ ብቻ ነበር። ወደ ኋላ ሸሽቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

"ምን ሆነሽ ነው? ከዚህ በፊት የደረሰብሽ ነገር አለ?" አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት እሱ መለሰላት። "ስለ ሆዷ ብቻ ጠይቂ።"

ቀሚሴን ገልጬ እንድተኛ ሁለቱም ጠበቁኝ። ልጄ በሕይወት መኖሩን የማውቀው እዚያ አልጋ ላይ ስወጣ ነው። ብወጣ ደግሞ እሱ ቆሞ ያየኛል።

"ወንድሜ፣ አንተ እዚያ ቆመህ እኔ አልተኛም" አልኩት።

"እንግዲያው እንመለሳለን።"

"እንመለስ።"

አዋላጇ ሁለታችንንም አየች። ከዚያ ቀንድ የመሰለች የእንጨት ማዳመጫዋን አንሥታ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። በቀሚሴ ላይ ሆዴን ዳሰሰችና ጆሮዋን ገጠመች። ጠባቂው ሲንቀሳቀስ "ዝም በል" አለችው፤ ዝም አለ። ቦታ ቀየረች። እንደገና ቀየረች።

"አለ" አለች። "ይመታል። ደህና ነው።"

አላለቀስኩም። ነጠላዬን አስተካክዬ ከጠባቂው ቀድሜ ወጣሁ።

ከወር በኋላ ፈቱኝ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ሴት ልጅ ወለድኩ። ጎረቤት እየመጣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሲለኝ አሜን እላለሁ፤ ሳጠባት ግን ፊቷን ማየት አቅቶኝ ግድግዳ ግድግዳውን አይ ነበር። አራት ወር እንዲህ ሆንኩ። እናቴ ፀበል ወሰደችኝ። የተሻለኝ መስሏት ደስ አላት፤ እኔም ደስታዋን አላበላሸሁባትም።

አሁን ሦስተኛውን አርግዣለሁ። ባለፈው ሳምንት ለክትትል ሄጄ ነበር። አዋላጇ ሌላ ናት፣ ገና ልጅ እግር። ግፊቴን ለካች፣ ክብደቴን ለካች፤ ካርዱን እያየች ጠየቀችኝ። ደም አለ? የለም። እብጠት? የለም። ራስ ምታት? የለም። ልትነሣ ስትል ሳልጠየቅ ተናገርኩ።

"እንቅልፍ የለኝም። ኮቴ ስሰማ እደነግጣለሁ። በየቀኑ የሞተ ይመስለኛል።"

እስክሪብቶዋን እንደያዘች ካርዱን ገልብጣ የሚጻፍበት ቦታ ፈለገች፤ አላገኘችም።

"አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይተውሻል" አለችኝ።

ክፉ ልጅ አይደለችም። ከዚህ በፊት መውለዴ እዚያው ካርዱ ላይ ተጽፏል። ቀጠሮዬን ተቀብዬ ወጣሁ።