የአዮ ሁለተኛ ዓይን

«አሸነፍሽ!» አለችኝ ጓደኛዬ። ጅማ መርካቶ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ነበር። ከባጃጅ ዘላ ወርዳ ዱቄት የነካውን ክንዴን ጨመደደችው። «ሥዕልሽ ከዞኑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንደኛ! ከአዳራሹ መምጣቴ ነው።»

«ዱጉማ? እውነት?»

«ወላሂ! እናቴ በሁለት ዓይኗ ቀጥ ብላ ታየኛለች።»

ደስታዬ እዚያው ላይ ቆመ። እኔ እናቷን በሁለት ዓይን አልሣልኳቸውም።

እኔም እንደ ልጆቻቸው «አዮ»፣ እማዬ፣ ነበር የምላቸው። መጋዘን ውስጥ ቡና ይለቅማሉ፤ የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሰው ሲመጣባቸው በቀኝ ጎናቸው ዞር ማለት ልማዳቸው ነበርና እኔም በዚያው ጎናቸው፣ አጎንብሰው ሲለቅሙ ሣልኳቸው።

ቀለሙ ቤታችን ሲደርቅ አባቴ አዩት። በደብራችን የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። «ምነው ልጄ! ይህችን የመሰለች ደግ ጎረቤት ከሰቃዮቹ ጋር ደመርሻት?»

ደነገጥኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሙሉ ፊታቸው፣ ክፉዎቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። ይህን እያወቅኩ አላሰብኩትም።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የቅዱሳን ሥዕል አይደለም።»

«የሚያየው ሰው ይህን በምን ያውቃል?»

ጸለይኩበት። የሥዕል መምህሬ ግን «ያየሽውን ነው የሣልሽው፤ እንዳትነኪው» ስላሉኝ እንዳለ አስረከብኳቸው። ውድድሩ እስኪደርስ የእሳቸው ክፍል ሰነበተ።

የወፍጮ ተራዬን ለጓደኛዬ ትቼ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። እውነቷን ነው። ሻሹ የእኔ፣ የቡናው ክምር የእኔ፣ ጣቶቹም የእኔ። ፊቱ ግን ዞሯል። ሁለት ትልልቅ፣ ጥቁር፣ ጤነኛ ዓይኖች አፍጥጠው ያዩኛል። ከሥር ስሜ ተጽፏል።

ከዳኞቹ አንዱ እጄን ጨበጡኝ። «እነዚህ ዓይኖች ናቸው ያሸነፉት!»

«ጋሼ፣ ዓይኖቹን እኔ አልሣልኳቸውም።»

«ታዲያ ማን ሣላቸው?»

«እንጃ።»

ወደ ባልደረባቸው ዞረው ሳቁ። «ትሰማለህ? እግዚአብሔር ነው የሣላቸው ልትለን ነው። ትሕትናዋን እይልኝ!» ደግሜ ብናገርም መልሱ ያው ሳቅ ሆነ። የሽልማቱን ቀለም አስታቀፉኝ።

ማን ይሆን? አባቴ የደብሩ ሥዕል ሲታደስ ቀለም ያቀብሉ ነበር፤ ብጠይቃቸው አማተቡ። መምህሬ «አንቺ ያስተካከልሽው መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ጓደኛዬ ከመምህሩ ክፍል አትጠፋም ነበር፤ እሷ ደግሞ «እኔ? እንቁላል መሣል የማልችለው?» ብላ አኮረፈች። ሁሉንም አመንኳቸው። ሁሉንም ጠረጠርኳቸው።

በማግስቱ አዮ ራሳቸው ወደ አዳራሹ መጡ። ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ በግራ ዓይናቸው ላይ ሳብ አደረጉት።

«ማሻአላህ፣ ቆንጆ ናት። ማናት?»

«አዮ፣ እርስዎ ነዎት እኮ።»

«እኔማ አይደለሁም፣ ልጄ።»

ፈገግ ብለው ነበር። ከልባቸው ይሁን ከይሉኝታ አልገባኝም። በደህናው ጎንዎ ነበር የሣልኩዎት ልላቸው ፈልጌ፣ ሰው ከቦን ስለነበር የታመመ ዓይናቸውን ማንሳት ከበደኝ። ሥዕሉ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ አልተመለሰም።

የአዮን ማረፍ የሰማሁት እዚህ፣ በሰው አገር ሆኜ ነው። በጸሎቴ ላስባቸው ስል የቱ ፊታቸው እንደሚመጣልኝ አላውቅም፤ አንዳንዴ ያጎነበሱት፣ አንዳንዴ ያቺ የማላውቃት ሴት።

ያኔ በመምህሩ ክፍልም በአዳራሹም የነበራችሁ፣ እባካችሁ። ፊታቸውን ያዞረውን ሰው ልወቅስ አይደለም። አዮ ራሳቸው ለምነው ከሆነ ንገሩኝ። ካልሆነም፣ ከአዳራሹ ሲወጡ ምን እንዳሉ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ከፍቷቸው ቢሆን እንኳ አትደብቁኝ።