ጥቁሩ ከነጩ የሚለይበት ጠርዝ

እኚህ ሴት ለእውነት የታመኑ ሰው ናቸው። ሥራቸው በሳተላይት የሚመጥቅ ካሜራ እየተንቀጠቀጠም አጥርቶ ማየቱን መለካት ነው። ካሜራውን በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ አስረው፣ ከፊሉ ጥቁር ከፊሉ ነጭ የሆነ ሰሌዳ ፎቶ ያስነሡታል፤ ጥቁሩ ከነጩ የሚለይበት ጠርዝ ምን ያህል እንደደበዘዘም ይለካሉ። በዚያች ሰዓት፣ ኮቴያቸው እንኳ ምስሉን እንዳያውክ ጫማቸውን ያወልቃሉ።

«እትዬ፣ ካሜራው ነገ ሳተላይቱ ላይ ይጫናል እኮ! ትንሽ ቢደበዝዝ ምን አለበት?» አላቸው ወጣቱ አለቃ።

«የኔ ልጅ፣ ያቺ ትንሽ ከላይ ስትታይ በጎርፍ የተከበበ ቤት ናት። ያኔ ጎርፍ ቤታችንን ሲከበው፣ እኛን ጣሪያ ላይ ሆነን ያየን አልነበረም። ደግሞስ አንዴ ከመጠቀ፣ አንተ ወጥተህ ልታስተካክለው ነው?»

አለቃውም ጫማውን አወለቀ።

ከምድር ሆኖ የሰማይን ዓይን የሚያጠራ እጅ እንዴት ድንቅ ነው! ፈጣሪ ያጽናቸው፤ ቤታቸውንም ከመናወጥ ይጠብቅ።