የታችኛው መሳቢያ

የወጣሁ ዕለት አመሻሹ ላይ የፋይል ቁምሳጥኑን ቁልፍ ለሲስተር ይታይሽ ሰጥቼ፣ ለዓመት ፈቃድ ዳንግላ እናቴ ዘንድ መሄዴ እንደሆነና እስክመለስ እንድትይዝልኝ ነገርኳት። ዳንግላ አደርኩ፤ ጎህ ሲቀድ ግን የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ያዝኩ። እናቴ በር ላይ ቆማ «ክረምቱ ሳይገባ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አውቶቡሱ ቆሰበርን በጉም ውስጥ ሲያልፍ ከምሽት እስከ ንጋት ሁለት ሰው መዋሸቴን እያሰብኩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ኦማን፣ ሙስካት ገባሁ።

የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ የምናገረው የራሴን ጥፋት ነው። አዋላጅ ነርስ ነበርኩ፤ በዚያ ላይ የባለሙያዎችን ማስረጃ የሚመረምረው ኮሚቴ ጸሐፊ። ማን ከየት ተመረቀ፣ የሙያ ፈቃዱ መቼ ታደሰ፣ ምን ምን እንዲሠራ ተፈቀደለት፣ ሁሉም በእኔ እጅ ያልፋል። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ከሕፃናት ጋር ወንበር ተጋርቼ ነውና ወረቀት ለእኔ ቀልድ አልነበረም። ማህተሙ የደበዘዘ ዲግሪ ያመጣብኝን ሰው ወደ ኮሌጁ እመልሰው ነበር። ባልደረባዬ እንጉዳይ «የወረቀት እመቤት» ብላ ትስቅብኝ ነበር።

እንጉዳይ ስድስት ዓመት አብራኝ አዋልዳለች። እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ከአማርኛ በቀር አልችልም። ከገጠር በምጥ የመጣች እናት ስታጋጥመኝ በእጄ ምልክት «ግፊ፣ አትግፊ» እላለሁ። እንጉዳይ ግን ጎንበስ ብላ በአገሬው ቋንቋ፣ በአውንጊ ስታናግራት፣ አልጋውን ጨምድዶ የያዘው እጅ ቀስ እያለ ሲላላ አይቻለሁ።

እሷም አንድ ቀን ሳትሰናበት ሄደች። እኛ ዘንድ ሥራ የሚለቅ ሰው ክሊራንስ ይዞ ከዕቃ ግምጃ ቤት እስከ መድኃኒት ቤት እየዞረ፣ በእጁ የቀረ ንብረት እንደሌለ ያስፈርማል፤ መልቀቂያ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሳይጨርስ የሄደ ሰው ፋይሉ በቀይ ገመድ ታስሮ ታችኛው መሳቢያ ይገባል። መሳቢያው ላይ «የጠፉ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምር ነበር።

እንጉዳይ ከካርቱም ደወለች። አንድ ሆስፒታል ሊቀጥራት ፈልጎ ከእኛ በቀጥታ የሚላክ ደብዳቤ ጠይቋል።

«ስመኝዬ፣ ስድስት ዓመት ሠርታለች ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ» አለችኝ።

«ክሊራንስ ሳትጨርሺ? ለአንቺ ከጻፍኩ ለሁሉም ልጽፍ ነው።»

«ለሁሉም ጻፊያ፤ ሁሉም እኮ ሠርቷል።»

ለካርቱም የላክሁት መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «ባለሙያዋ ከሥራ ገበታዋ ጠፍታለች።» ሐሰት የለበትም። ኮሚቴውም አመሰገነኝ። እንጉዳይ ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

ከዓመት በኋላ እኔም እንደሷ አደረግሁ። መልቀቂያ ብጠይቅ ምትክ አዋላጅ እስኪገኝ ቆዪ ይሉኛል፤ ቪዛው ደግሞ አይጠብቅም።

ሙስካት የመጣሁት አንዲት የአልጋ ቁራኛ አሮጊት ላስታምም ነው። በሰኔ እኛ ዘንድ ጋቢ ተደርቦ ትኩስ ድንች እየተላጠ ሲበላ፣ እዚህ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ለሻይ የደረሰ ነው። ኤሲው ሲከፈት ደግሞ ብርዱ የቆሰበርን ያህላል፤ ዝናቡ ግን የለም፣ ሽታውም የለም። «እንዴት አደርሽ» የሚልም የለም። ሁለት ዓመት በዚያ ቤት እየኖርኩ፣ በዕረፍት ሰዓቴ እያጠናሁ የሙያ ፈተናውን አለፍኩ። አንድ ሆስፒታልም ሊቀጥረኝ ተስማምቶ ማስረጃዬን ከአገር ቤት አስጠየቀ።

መልሱ ሲመጣ የማስረጃ ክፍሉ ኃላፊ ጠራኝ። መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሚስ ስመኝ፣ እዚህ ላይ ጠፍተዋል ይላል።»

«አለሁ፤ ፊትዎ ተቀምጫለሁ።»

«እሱንማ አያለሁ። ኮሚቴው የሚያየው ግን ወረቀቱን ነው።»

«ታዲያ የጠፋው ማን ነው?»

«ወረቀቱ ላይ ያሉት እርስዎ» አለ፤ አልሳቀም። እኔም በእሱ ወንበር ብሆን አልስቅም ነበር። የተሟላ ደብዳቤ በአሥራ አምስት ቀን ካልደረሰ ማመልከቻዬ እንደሚዘጋ ነግሮ አሰናበተኝ። ወረቀቱን አየሁት፤ አንድ መስመር፣ የእኔው ዐረፍተ ነገር፣ ነጥቡ ሳይቀር።

ቦታዬን ለያዘችው ለይታይሽ ደወልኩ። «እርስዎ ያስተማሩኝን ነው የጻፍኩት» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሥራ አስኪያጁ ባሕር ዳር ስብሰባ እንደሄደ፣ ማህተሙ እሷ ጋ እንደሆነ፣ «በአግባቡ ለቃለች» ብላ ብትልክልኝ የሚያውቅ እንደሌለ ነገረችኝ።

አልጓጓሁም ብል ውሸት ነው። ያን ሰዓት እንኳ የአሮጊቷን ዳይፐር በአንድ እጄ ይዤ ነበር።

«እንደሱ አትጻፊ» አልኳት። «ይህን ያህል ዓመት አዋልዳለች፣ በሥራዋ ነቀፋ አልነበረባትም፣ ክሊራንስ ሳትጨርስ ሄዳለች በይ። ሥራ አስኪያጁ ሲመለስ አንብቦ ይፈርምበት።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። ደንቡ መልቀቂያ መስጠትን እንጂ እውነቱን አሟልቶ መጻፍን አልከለከለም። ለእንጉዳይም ይህንኑ መጻፍ እችል ነበር። የመጨረሻዋን አንድ ቀን ጽፌ ስድስቱን ዓመት ተውኩት፤ ያንንም ጥንቃቄ አልኩት።

«ይታይሽ፣ ከታችኛው መሳቢያ የእንጉዳይን ፋይል አውጪልኝ።»

መሳቢያው ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። «ሲስተር፣ ይሄ ገመድ የእርስዎ አስተሳሰር ነው፤ እንቢ አለኝ» አለች። ቆይቶ ተፈታ። ለእንጉዳይም እንደ እኔው አስጻፍኳት። እናቶችን በአውንጊ ታረጋጋ እንደነበር ስነግራት፣ ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም አለችኝ። ከግርጌ እንድትጽፈው ነገርኳት። የብዕሯ ድምፅ በስልኩ የሚሰማኝ መሰለኝ።

«ይሄንንስ የት ልላከው?» አለች።

የካርቱሙ ሆስፒታል ቦታውን ለሌላ ከሰጠ ቆይቷል። የእንጉዳይ ስልክ አይሠራም። እናቷ ጥሊሊ ከተማ ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። የእኔ ደብዳቤ መሄጃ አለው፤ የእሷ የለውም።

«ሲስተር፣ አሉ?»

«አለሁ» አልኩ። «ፋይሏ ውስጥ አስቀምጪው። ገመዱን ግን መልሰሽ አትሰሪው።»