ዓይኑን ተውና እግሩን እይ

መድፈኛ የነበሩት አጎቴ ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው፤ እኔ ግን እስካሁን እንደተናደድኩባቸው ነኝ። ጭሮ ከተማ ውስጥ አሮጌ የጦር መነጽር ያገኘ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር። ሰው ቸኩሎ በመስታወቱ ሲያይ፣ «ዓይኑን ተውና እግሩን እይ፤ የመድፍ ከሆነ ከሥሩ መግጠሚያ እግር አለው» ይሉታል። «የየትኛው መድፍ ነው?» ስላቸው ግን፣ «አንተ ደግሞ ሸምግለህም ትቸኩላለህ? ራስህ ድረስበት» ይሉኛል። ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰው ከሟች አባቱ ዕቃ ያገኘውን መነጽር ከገለምሶ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ገልብጬ አየሁት፤ እግር አለው።

«የመድፍ ማነጣጠሪያ ነው» አልኩት።

«አባቴ ታዲያ የትኛው መድፍ ላይ ነበር?»

«እሱን አላውቅም፣ ልጄ።»

«እንግዲያ ማን ጋ ልሂድ፣ አባባ?» ሲለኝ የምልከው ሰው አጣሁ።